ሰብ አትበለኝ፣ ሆጊ ነው

ፊላደልፊያ ውስጥ ሰው ማናደድ ከፈለጋችሁ ፖለቲካ ማንሳት አያስፈልግም። ሆጊ የሚሉትን ረጅም ሳንድዊች ሌላው አሜሪካዊ እንደሚለው «ሰብ» በሉት፣ ይበቃል። ሰውየው አይጮህባችሁም። ቆም ብሎ ያያችኋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አፉን ሞልቶ «ሆ-ጊ» ይላችኋል።

እዚያ ከተማ አንድ ዴሊ ውስጥ ሠርቻለሁ። ዴሊ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ሥጋና ቺዝ በማሽን በስሱ እየቆረጠ ዳቦ ውስጥ አስገብቶ የሚሸጥ የሰፈር ሱቅ ነው። ጎን ለጎን ቡናም፣ ሎተሪም፣ የስልክ ቻርጀርም ይሸጣል። አሜሪካ የገባ ሐበሻ ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም እንዲህ ያለ ባንኮኒ ሳይነካ አያልፍም፤ ለእኔ የደረሰኝ ባንኮኒው ነው። ስለዚህ ስለ ሆጊ የማወራው እንደ በላተኛ ሳይሆን እንደ ሠሪ ነው። እንዲያውም ዋናውን፣ እነሱ «ጣልያን ሆጊ» የሚሉትን፣ ቀምሼው አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከክርን እስከ እጅ አንጓ የሚደርስ ረጅም ዳቦ ታነሳላችሁ። ላዩ ጠንከር ይላል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። በጎኑ በረጅሙ ትሰነጥቁታላችሁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አትቆርጡትም። መጀመሪያ ፕሮቮሎን የሚባለው ቺዝ ይነጠፋል። ቺዙ ከሥር የሚሆነው የቲማቲሙ ውሃ ዳቦውን እንዳያርሰው ነው። ቀጥሎ ሥጋው ይመጣል፤ ካፒኮላ፣ ሳላሚ፣ ሃም። አለቃዬ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። ሥጋውን አንዱን ባንዱ ላይ ዘርግቶ መደርደር ክልክል ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እጥፍ ይደረጋል፣ መሃሉ አየር ይገባዋል፣ ሲነከስ ይለሰልሳል። ከዚያ በቀጭኑ የተከተፈ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ ነስነስ፣ ዘይትና አቼቶ ጠብ ጠብ። በመጨረሻ በወረቀት ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለልና ከነወረቀቱ መሃል ለመሃል ይቆረጣል። ጥሩ እጅ ያለው ሰው የጠቀለለው ሲከፈት ንብርብሩ በመስመር በመስመር ይታያል። ሌላው የጠቀለለው ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው የሚቀረው።

አቼቶ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባንኮኒው ላይ አብረውኝ የሚሠሩ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከወዲያ ጥግ ሆነው «አቼቶውን አቀብለኝ!» ብለው ተጣሩ። ወረፋ ላይ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጣልያን አሜሪካዊ ዞር አሉና «ጣልያንኛ ትችላላችሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ጋሼ ሳቁ። «አምስት ዓመት አስተምረውን ሄደዋል» አሏቸው። ቀልዱ ለሽማግሌው ይግባቸው አይግባቸው እንጃ፣ ግን አቼቶ፣ ፉርኖ፣ ፓስታ፣ ማኪያቶ እያልን ስንቆጥርላቸው ደስ አላቸው። ደህና ቲፕ ጥለውልን ሄዱ።

ጋሼም እኔም ጣልያን ሆጊ አንበላም። ከላይ የቆጠርኩት ሥጋ በሙሉ አሳማ ነዋ! ከጠዋት እስከ ማታ ጓንት አጥልቀን የአሳማ ሥጋ ስናጥፍ እንውላለን፣ ምሳችን ግን ወይ ተርኪ ወይ ቱና ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ቺዙም ይቀራል። ጋሼ «የጾም ሆጊ» ያሉት ነገር ነበራቸው፤ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ዘይቱ ላላ ብሎ፣ አቼቶ፣ ላዩ ላይ ከቤት ይዘውት የሚመጡት ሚጥሚጣ። (ቱና ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም፣ አስተያየት መስጫው ይቃጠላል።) ደግነቱ ፊላደልፊያ ለዚህ ምቹ ናት። ሙስሊሙ ብዙ ስለሆነ አሳማ የማይገባበት ሱቅ፣ በበሬ ሳላሚና በተርኪ የሚሠራ ሆጊ ማግኘት ቀላል ነው። እሱም ሆጊ ነው። «ይሄማ ሆጊ አይደለም» ሲል የሰማሁት ሰው የለም። ውስጡን እንደፈለጋችሁ ቀይሩት፣ ማንም ምንም አይላችሁም። ጠቡ ስሙን ስትነኩ ነው።

ስሙ ታዲያ ከየት መጣ? ፊላደልፊያ ውስጥ ይህን ብትጠይቁ ወዲያው የሚነገራችሁ የሃግ አይላንድ ታሪክ ነው። ሃግ ማለት አሳማ ነው፣ ነገሩ ከስሙ ጀምሮ አሳማ አይለቀውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ መርከብ አጠራት። በ1917 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከከተማው ዳር፣ ደላዌር ወንዝ አጠገብ፣ ሃግ አይላንድ በሚባል ረግረጋማ ቦታ በዓለም ትልቁ የተባለ የመርከብ መሥሪያ ተጀመረ። በአንድ ጊዜ 50 መርከብ ጎን ለጎን የሚገጣጠምበት ነበር። ከ30 ሺህ በላይ ሰው ሠርቶበታል። በ1921 እስኪዘጋ ድረስ 122 መርከቦች ወጥተውበታል። ዛሬ የፊላደልፊያ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው እዚያ ነው፤ በዚያ በኩል ገብታችሁ ከሆነ ሳታውቁት ሃግ አይላንድን ረግጣችኋል። ታሪኩ እንደሚለው ጣልያኖቹ ሠራተኞች ለምሳ ይዘውት የሚመጡትን ትልቅ ዳቦ ሌላው አይቶ «የሃግ አይላንድ ሳንድዊች» አለው፣ እየዋለ እያደረ ሆጊ ሆነ።

ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ግን ዘመኑ አይገጥምም። መሥሪያው የተዘጋው በ1921 ነው። ቃሉ በጽሑፍ ብቅ የሚለው ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። 30 ሺህ ሰው በየቀኑ የሚጠራውን ስም አንድ ጋዜጣ፣ አንድ የሱቅ ሰሌዳ እንኳን ሳይጽፈው ያን ሁሉ ዓመት ይቆያል? እኔ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ሌላው ታሪክ የአል ደ ፓልማ ነው። ጃዝ ተጫዋች ነበር። በ1920ዎቹ ጓደኞቹ ያን የሚያህል ሳንድዊች ሲያጋምሱ አይቶ «ይህን ለመጨረስ አሳማ መሆን ያስፈልጋል» አለ ይባላል። ከዚያ ኢኮኖሚው ወደቀ፣ የሙዚቃው ሥራ ጠፋ፣ እሱም በ1936 ሳንድዊች ቤት ከፈተና «ሃጊ» ብሎ ይሸጥ ጀመር። ራሱንም «የሃጊዎች ንጉሥ» አለ። የፊላደልፊያ ሰው አፍ ደግሞ ድምፁን ያከብዳል፣ ሃጊ ሆጊ ሆነ። በዚያ ዘመን የሱቅ ሰሌዳዎች ላይ አጻጻፉ ራሱ አንድ አልነበረም፣ እያንዳንዱ እንደመሰለው ይጽፈው ነበር። እኔ ይህኛውን ነው የማምነው። ቢያንስ ሱቅ አለው፣ ዓመት አለው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው የሳቁት ሳቅ አይረሳኝም። ስሙም አሳማ፣ ውስጡም አሳማ፤ አሳማ የማይበሉ ሁለት ሐበሾች ደግሞ በሱ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ።

በ1992 ከንቲባው ኤድ ሬንደል ሆጊን የከተማዋ ይፋዊ ሳንድዊች ብለው አወጁት። ቺዝስቴክን አይደለም፣ ልብ በሉ። ከውጭ የሚመጣው ሰው ሁሉ ፊላደልፊያ ሲባል የሚያውቀው ያን ትኩስ፣ የተከተፈ ሥጋና የቀለጠ ቺዝ ያለበትን ቺዝስቴክ ነው። ዳቦው ያው ረጅሙ ዳቦ ነው፣ ግን ሆጊ አይባልም። ቆይ፣ ይባላል እንዴ? ቺዝስቴኩ ላይ ሰላጣና ቲማቲም ሲጨመርበት «ቺዝስቴክ ሆጊ» ይሆናል። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው የለም፣ የማያውቀውም የለም።

አሁን ወደ ሰሜን እንውጣ። አንድ ቀን ከማሳቹሴትስ የመጣ ሰው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «ግራይንደር አላችሁ?» አለ። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ቡና መፍጫ አንሸጥም በለው» አሉኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ወረፋው ላይ የነበሩ የሰፈሩ ሰዎች ጉዳዩን ተረከቡት። «ሆጊ ማለቱ ነው።» «ግራይንደር ነው የምንለው እኛ።» «እዚህ ሆጊ ነው።» ሰውየው የሚፈልገው የታወቀ ነበር፣ ሁሉም ገብቶታል፣ ክርክሩ ግን ዳቦው ተቆርጦ ተጠቅልሎ እስኪከፈል ድረስ አላቆመም።

ግራይንደር ኮኔቲከት፣ ሮድ አይላንድና ማሳቹሴትስ ላይ የሚሰማ ስም ነው። አንዳንዱ ቦታ ቀዝቃዛው ሰብ ነው፣ ምድጃ የገባው ደግሞ ግራይንደር። ለምን ፈጪ ተባለ ስትሉ ሁለት መልስ አለ። አንዱ ዳቦው ጠንካራ ስለነበር ጥርስ ያስፈጫል ይላል። ሌላው ወደብ ላይ መርከብ የሚጠግኑትን፣ ብረት የሚሞርዱትን ሠራተኞች ነበር ግራይንደር የሚሏቸው፣ ስሙ ከእነሱ ወደ ምሳቸው ተላለፈ ይላል። ጥርሱን የሚመርጥ ይበዛል፤ እኔ ግን የወደቡ ሠራተኛ ደጋግሞ መምጣቱ ነው ያስገረመኝ። የትኛውንም ስም ብትመዙ ጫፉ ላይ ጫኝና አውራጅ፣ መርከብ ጠጋኝ፣ የትራም ሠራተኛ አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰሃን የለም፣ ወንበር የለም፣ የምሳ ሰዓት አጭር ነው። በአንድ እጅ ተይዞ ቆሞ የሚበላ፣ እስከ ማታ የሚያቆይ ነገር ያስፈልጋል።

ሰብ የሰብማሪን ማሳጠሪያ ነው፤ ሰርጓጅ መርከብ ማለት ነው። ቅርጹን ያየ ሰው ለምን እንዲህ እንደተባለ አይጠፋውም። ማን አለው ሲባል ነው ጣጣው። ኮኔቲከቶች ቤኔዴቶ ካፓልዶ የሚባል የኒው ለንደን ባለሱቅ ነው ይላሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማዶ ግሮተን ላይ ያለው የሰርጓጅ መርከብ ሰፈር በቀን 500 ሳንድዊች ያዘው ነበር፣ ስሙ ከዚያ ወጣ ነው ነገሩ። ግን በዴላዌር፣ ዊልሚንግተን ከተማ በ1940 በወጣ የስልክ ማውጫ ላይ «ሰብማሪን ሳንድዊች» ተጽፎ ይገኛል። ያኔ አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። ኒው ጀርሲዎች ደግሞ የራሳቸው ሰው አላቸው፤ ዶሚኒክ ኮንቲ፣ ፓተርሰን ከተማ ሱቅ የነበረው ጣልያን። ፓተርሰን ጆን ሆላንድ የሚባለው አስተማሪ በ1878 የመጀመሪያዋን ሰርጓጁን ወንዝ ውስጥ የሞከረበት ከተማ ነው። በ1881 የሠራት ፌንያን ራም የምትባለው ሁለተኛዋ እስከ ዛሬ የከተማው ሙዚየም ውስጥ አለች። ኮንቲ መርከቧን አይቶ «የኔን ሳንድዊች ትመስላለች» አለ ተብሎ በቤተሰቡ ይተረካል። እኔ የሁለቱንም ሱቅ ሰው ስሙን አወጣ ብዬ አልፈርምም። ቅርጹ እንደዚያ ሆኖ ሳለ ስሙ በአንድ ሰው አፍ ብቻ መጣ ማለት ይከብደኛል።

ሂሮ የኒውዮርክ ስም ነው፣ ጀግና እንደማለት። በ1930ዎቹ ክሌመንታይን ፓድልፎርድ የምትባል የምግብ ጋዜጠኛ «ይህን የሚጨርስ ጀግና ነው» ስላለች ነው ይባላል። አንዳንዱ ከግሪኮቹ ጋይሮ፣ በቂጣ ከሚጠቀለለው ሥጋ፣ ነው የመጣው ይላል፣ ግን ጋይሮ ኒውዮርክን ያጥለቀለቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ልብ ካላችሁ የጋዜጠኛዋ ነገር ያው የአል ደ ፓልማ ቀልድ ነው። ፊላደልፊያ የሚጨርሰውን አሳማ አለችው፣ ኒውዮርክ ጀግና አለችው። ሁለቱን ከተሞች ለሚያውቅ ሰው ይህ ምንም አይገርምም።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ፖርትላንድ፣ ሜይን ነው። እዚያ ስሙ በአጭሩ «ጣልያን» ነው። «አንድ ጣልያን ስጠኝ» ይባላል፣ በቃ። ጆቫኒ አማቶ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ በ1902 አካባቢ ወደብ ላይ በጋሪ ዳቦ ይሸጥ ነበር። ሠራተኞቹ እስቲ ሰንጥቀህ ሥጋና ቺዝ፣ አትክልትም አስገባበት አሉት። እሱም እንደፈለጉት አደረገ። የዛሬውም «ጣልያን» ለስላሳ ዳቦ፣ ሃም፣ የአሜሪካ ቺዝ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ፒክል (አቼቶ ውስጥ የቆየ ኪያር)፣ ጥቁር ወይራ ነው። ጣልያን አገር ሄዳችሁ ይህን ብትጠይቁ ማንም አያውቀውም። የአሜሪካ ቺዝና ፒክል! አማቶ ራሱ «ጣልያን» ያለው አይመስለኝም፣ ለእሱ ዳቦ ነው። ስሙን የሰጡት ገዢዎቹ መሆን አለባቸው፤ ከማን እንደገዙት ነው የጠሩት።

ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ የኛ «ቬጂ ኮምቦ» ነው። ዲሲም ሂዱ፣ ሲያትልም ሂዱ፣ ያልጻፈው የሐበሻ ሬስቶራንት የለም። እናቴን «ቬጂ ኮምቦ ሥሪልኝ» ብላት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። በያይነቱ ነበር ስሙ፣ የጾም ምግብ ነበር። እዚህ ጾሙ ቀረና ጤናማ፣ ቅቤ የሌለው፣ ግሉተን የሌለው ሆነ፤ ሰላጣ ከነድሬሲንጉ መሃል ላይ ተቀመጠበት። ፈረንጁ «ኢትዮጵያን እንብላ» ይላል እንጂ ሽሮ እንብላ፣ ምስር እንብላ አይልም። እኛም ሜኑውን ስናሳትም እሱ በሚጠራው ስም አሳተምነው። አማቶም እንዲህ ያደረገ ይመስለኛል፤ ገዢው በሚለው ስም ሸጠ፣ ገበያው ደራ። አልፈርድበትም።

ከነዚህ ሁሉ የስም ታሪኮች ቢያንስ ለአንድ ክፍሉ የዘመኑ ደብዳቤ ያለው አንድ አለ፣ እሱም ፖቦይ የሚባለው የኒው ኦርሊንሱ ሳንድዊች ነው። ቤኒና ክሎቪስ ማርቲን የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። መጀመሪያ የትራም ሠራተኞች ነበሩ፣ በኋላ በ1922 ፍሬንች ማርኬት ውስጥ ቡናና ምግብ ቤት ከፈቱ። ጁላይ መግቢያ 1929 የትራም ሠራተኞች አድማ መቱ። ኩባንያው አድማ ሰባሪዎችን ከውጭ አስመጣ፣ ከተማው ተናወጠ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እያየ ትራም ተቃጠለ። ወንድማማቾቹ ለትራም ሠራተኞቹ ማኅበር፣ ለዲቪዥን 194፣ ደብዳቤ ጻፉ። የዲቪዥን 194 አባል ሁሉ እኛ ዘንድ ምግቡ በነፃ ነው አሉ። ሲኦል እስኪቀዘቅዝ ከናንተ ጋር ነን፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ብርድ ልብስ እናቀርባለን ብለው ጻፉ። ደብዳቤው እስካሁን አለ።

ከደብዳቤው ይልቅ እኔን እንደ ባንኮኒ ሠራተኛ የገረመኝ የዳቦው ጉዳይ ነው። የተለመደው የፈረንሳይ ዳቦ ጫፍና ጫፉ ይቀጥናል። ለሳንድዊች ሲቆረጥ ሁለቱ ጫፍ አይሆንም፣ ይጣላል። በነፃ እያበላችሁ ደግሞ የሚጣል ነገር ያማል። ማርቲኖቹ ጆን ጄንዱሳ ከሚባለው ዳቦ ጋጋሪ ጋር ተማክረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ እኩል የሆነ 40 ኢንች ዳቦ አስጋገሩ። አንድ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ጫፍ የሚባል ነገር የለም፣ የመጨረሻው ቁራጭ የመጀመሪያውን ያክላል፣ ለመጨረሻው ሰው አያንስበትም። ቤኒ ቆይቶ እንደተናገረው፣ አድማ የመታ ሰው ሲመጣ ካዩ አንዳቸው «ይኸው ሌላ ምስኪን ልጅ መጣ» ይሉ ነበር። ፑር ቦይ። በደቡቡ አነጋገር ፖቦይ ሆነ። አድማው ለሠራተኞቹ አልሰመረም። ሳንድዊቹ ግን ከተማውን ወረሰ።

ፖቦይ ላዩ ሲነከስ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ባዶ እስኪመስል ቀላል ነው። የተጠበሰ ኦይስተር፣ ሽሪምፕ ወይም በራሱ መረቅ የተንጠባጠበ የበሬ ጥብስ ይገባበታል። «ድረስድ» ካላችሁ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ፒክልና ማዮኔዝ ይጨመርበታል። እስካሁን የሚሸጥ አንድ የድሆች ዓይነት ደግሞ አለ፤ የተጠበሰ ድንች ዳቦ ውስጥ፣ ላዩ ላይ የሥጋ መረቅ ብቻ። ይህን የሰማ የአዲስ አበባ ልጅ እርጥብ ሳይመጣበት አይቀርም። ድንች ጥብስ በዳቦ፣ ላዩ ላይ የሚያቃጥል ዳጣ፣ ከትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ። ኬፕታውንም ጋትስቢ የሚባል አለ፣ ረጅም ዳቦ ውስጥ ድንች ጥብስ የሚጠቀጠቅበት፤ ለአራት ተቆርጦ ለአራት ሰው ይሆናል። ሥጋ ሲወደድ ድንች ዳቦ ውስጥ ይገባል፣ ይህን ለማወቅ ኒው ኦርሊንስ ኬፕታውንን መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ትንንሾቹን ስሞች በሩጫ ላንሳቸው። ዌስትቸስተር፣ ከኒውዮርክ ከፍ ብሎ፣ ዌጅ ይሉታል። ቦስተን ውስጥ ሽማግሌዎች ስፓኪ ይላሉ። ከፊላደልፊያ ጥቂት ራቅ ብላ ያለችው ኖሪስታውን ደግሞ ዜፕ አላት፣ ከዜፔሊን፣ ከዚያ በአየር ከሚንሳፈፈው መርከብ። ዜፕ ሰላጣ አይገባበትም፣ ሥጋውም አንድ ዓይነት ብቻ ነው። የኖሪስታውን ሰው ዜፕና ሆጊ አንድ ነው ብትሉት ይቀየማል። በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው ርቀቱ።

ይህን ሁሉ ስም የበላው ሰብዌይ የሚባለው፣ በየቦታው ቅርንጫፍ ያለው የሳንድዊች ሱቅ ነው። በ1965 ብሪጅፖርት፣ ኮኔቲከት ላይ ፍሬድ ደሉካ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ለኮሌጅ መክፈያ ሲፈልግ የቤተሰብ ወዳጅ የሆነው ፒተር ባክ 1,000 ዶላር ሰጠውና ሱቅ ክፈት አለው። መጀመሪያ ስሙ «የፒት ሱፐር ሰብማሪንስ» ነበር። ዛሬ ከአዲስ ስደተኛ እስከ አዲስ ሚሊየነር የሰብዌይን ወረፋ ያልቆመ የለም። ግራይንደር የሚለው የኮኔቲከት ልጅ እንኳን እዚያ ሲገባ ሰብ ይላል፣ ሜኑው ላይ ያለው እሱ ነዋ።

ስም ትልቅ ሲሆን ጠበቃ ይመጣል። ሰብዌይ ሳንድዊቹን ፉትሎንግ፣ ማለትም አንድ ጫማ ርዝመት ብሎ ይሸጣል፤ 12 ኢንች መሆኑ ነው። በ2013 አንድ ወጣት ከአውስትራሊያ ሜትር ዘርግቶ 11 ኢንች ሲሆን ፎቶ አነሳው። አሜሪካ ውስጥ ክስ ተከፈተ፣ ስምምነት ተደረሰ፣ የሚገርመው ጥቅሙ ለጠበቆቹ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስምምነቱን ምንም የማይረባ ነው ብሎ ጣለው። በ2020 ደግሞ የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰብዌይ ዳቦ ለግብር ጉዳይ ዳቦ አይደለም አለ። ሕጉ ስኳሩ ከዱቄቱ ክብደት 2 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፣ የነሱ 10 በመቶ ነበር። ጋሼ ይህን ቢሰሙ «እኔ መች ዳቦ ነው አልኩ» ነው የሚሉት።

ሆጊ ግን እጅ አልሰጠም። ዋዋ የሚባለው የፔንሲልቬንያ ነዳጅ ማደያና ሱቅ ሆጊ ብሎ ነው የሚሸጠው፤ በ2012 ፍሎሪዳ ሲገባም ስሙን ይዞ ነው የገባው። አሁን ሰብ እያለ ያደገ የፍሎሪዳ ልጅ ስክሪን ላይ ሆጊ የሚለውን እየነካ ያዛል። ይህን ሳይ፣ አልደብቃችሁም፣ ደስ ይለኛል። አንድ ኩባንያ ሌላውን ኩባንያ ቢያሸንፍ እኔ ምን አገባኝ? ግን ያገባኛል።

እኔ አሁን ሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ሁሉም ሰብ ነው፣ ልጆቼም ሰብ ይላሉ፣ እኔ ሆጊ ስል ዓይናቸውን ያዞራሉ። በኦገስት 2025 እዚሁ ዲሲ ውስጥ፣ 14ኛና ዩ ጎዳና ላይ፣ የሐበሻ ሬስቶራንቶቹ ካሉበት ጥቂት ብሎክ ርቆ፣ አንድ ሰው የፌዴራል ድንበር ጠባቂ ደረት ላይ የሰብዌይ ሳንድዊች ወረወረ። ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ። ከባድ ወንጀል ብለው ሊከሱት ፈለጉ፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለውን የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ (ግራንድ ጁሪ) አልተቀበለም። በቀላል ወንጀል ከሰሱት፣ በኖቬምበር ነፃ ወጣ። ችሎት ላይ ወኪሉ ሳንድዊቹ ደረቱ ላይ ፈነዳ፣ ሽንኩርትና ሰናፍጭ ሸተተኝ አለ። የተከሳሹ ጠበቆች ደግሞ መሬት ላይ ከነወረቀቱ የወደቀበትን ፎቶ አሳዩ።

ጋሼ ከፊላደልፊያ ደወሉልኝ። ክሱ፣ ፖለቲካው፣ አንዱም አላሳሰባቸውም። «ለመሆኑ ፍርድ ቤቱ ምን ብሎ ጻፈው?» ነው ያሉኝ። የክሱን ወረቀት አውጥቼ አነበብኩላቸው። «ሰብ ዓይነት ሳንድዊች» ይላል። ሰብ ዓይነት! ከሰብዌይ የተገዛን ነገር ሰብ ነው ብሎ ለመጻፍ መንግሥት ራሱ ፈራ።